ከጠብታው ወደ ላይ

ቱም ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የእህል ወፍጮ ቤት፣ ከናፍጣ ሞተሩ ሥር የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተቀምጧል። ናፍጣ ጠብ ይልበታል። ማታ ማታ ባለወፍጮው ጣሳውን አንስተው ወደ ናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ወደ ሰርባቶዮው፣ መልሰው ይገለብጡታል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጣሳው ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ሲጠይቃቸው «ከፋሲካ በፊት ነው የተቀመጠው» አሉ፣ ስለ ሞተሩ አንድ ክፍል እንደሚናገሩ ሁሉ።

ጣሳው ናፍጣውን ያተርፋል። ውስጡ የወደቀውን አቧራና ዱቄት ግን ወደ መስመሩ ይመልሳል፤ ፊልትሮው ካረጀ ደግሞ ቆሻሻው ፖምፓው ድረስ ይዘልቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሮበርት ቦሽ ኩባንያ በ1927 እ.ኤ.አ. በብዛት ማምረት የጀመረው ዓይነት የናፍጣ ፖምፓ ግፊቱን የሚይዘው በጋስኬት አይደለም። የሚይዘው ዘንጉና የሚመላለስበት ቤት እጅግ ተቀራርበው ስለተሠሩ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ወይም ሦስት የሚሊሜትር ሺኛ ያህል ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ከዚያ ከሃያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ጣሳ ደቅኖ ማደር ናፍጣ ለማዳን ተብሎ ፖምፓ መሠዋት ነው።

ስለ ሞተሩ ራሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ናፍጣ ከሰርባቶዮ ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ፣ ከፖምፓ ወደ ኖዝል ይሄዳል። የዚህ ዘር አያት የሚባለውን፣ ሲኤስ የተሰኘውን ሞዴል፣ እንግሊዝ አገር ዳርስሊ ከተማ የነበረው የሊስተር ኩባንያ ያወጣው በ1929 እ.ኤ.አ. ገደማ ነበር። ባለ አንድ ሲሊንደሩና ባለ 6 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር በደቂቃ 650 ዙር ብቻ እየዞረ በማኖቬላ ይነሳል። ሕንድ አገር ራጅኮት ውስጥ አምሳያውን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ስለነበሩ ዘሩ በዓለም ተሰራጭቷል። ሊስተር ለጀልባም ሞተር ይሠራ ነበር። የወፍጮ ሞተርና በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚተከል ሞተር ወንድማማች ናቸው፤ የአንዱን ፍሳሽ መፈለግ የቻለ ሰው የሌላውንም ይችላል።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በወፍጮ ቤት ሰርባቶዮው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ በላይ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ መስመሩ ላይ ቀዳዳ ካለ ናፍጣው ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፣ ሁሉም ያየዋል። በጀልባ ላይ ሰርባቶዮው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ናፍጣውን የሚስብ ሌላ ትንሽ ፖምፓ አለ። እዚያ ያው ቀዳዳ ናፍጣ አያወጣም፤ አየር ያስገባል። ምንም የረጠበ ነገር አይታይም። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ይሠራና ያንቀላፋል፣ ኤር ሲያስወጡለት ይነሳል፣ ሐይቁ መሐል ሲደርስ ደግሞ ይጠፋል። ጣና ላይ መንገደኛ ይዞ ሞተር የጠፋበት ሰው ፖምፓውን ወይም ኖዝሉን መጠርጠሩ አይፈረድበትም፤ ዓይኑ የሚፈልገው ጠብታ የለማ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፖምፓው በፊት ባለው መስመር ላይ አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ማስገባት። አረፋ እያለፈ ከታየ ቀዳዳው ከዚያ ወደ ሰርባቶዮው በኩል ነው። ያረጀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ወይም የፊልትሮው ክዳን ጋስኬት ሆኖ ይገኛል።

ናፍጣው የሚታይ ከሆነስ? ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ፍሳሹ ያለበት ቦታ አይደለም። ናፍጣ በቱቦው ሆድ ተከትሎ ይሄድና ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሁሉም ነገር በጨርቅ ደህና ተደርጎ ይጠረጋል፤ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት በስሱ ይነሰነስበታል። ወፍጮ ቤት ከሆነ የበቆሎ ዱቄትም ያው ነው። ሰርባቶዮው ተከፍቶ ትንሽ ሲቆይ ዱቄቱ ላይ የረጠበ መንገድ ይታያል። መንገዱን ወደ ላይ መከተል፣ የመጨረሻውን እርጥብ ነጥብ ማግኘት ነው። ቱም ላይ ጣሳው የተቀመጠው ከፖምፓው ሥር ነበር፤ ዱቄቱ የረጠበው ግን አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ፊልትሮው መውጫ ላይ ነው።

እዚያ ያለችው ሮንዴላ ናት።

(ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ፊልትሮ፣ ማኖቬላ፤ የጋራዥ አማርኛ ከጣሊያንኛ የወሰዳቸውን ቃላት እንደ ልጆቹ አሳድጓቸዋል።)

ይህች ቀይ የመዳብ ቀለበት ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ትንሿ፣ ምናልባትም በጣም የተናቀችው ናት። ቱቦውን ከፊልትሮው ጋር የሚያያይዘው ብሎን ውስጡ ክፍት ነው፤ ናፍጣው በውስጡ አልፎ በጎኑ ባለች ቀዳዳ ወደ ቱቦው ዓይን ይገባል። ከዓይኑ በላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሮንዴላ ይቀመጣል። ብሎኑ ሲጠብቅ መዳቡ ይጨፈለቅና የሁለቱን ብረቶች ጭረት ሁሉ ይሞላል። ሥራዋ መሸነፍ ነው፤ ለብረቱ እጅ ሰጥታ ቅርጹን ትይዛለች። ይህን የምትችለው ለስላሳ ስትሆን ብቻ ነው።

መዳብ ደግሞ በተጨፈለቀ ቁጥር ይጠነክራል። አንዴ ያገለገለች ሮንዴላ ብሎኑ ተፈትቶ ሲመለስ የድሮ ቅርጿን ይዛ ትደርቃለች፤ አዲሱን ጭረት አትሞላም። ናፍጣ ይንጠባጠባል። ባለሞተሩ ቁልፍ አንስቶ ያጠብቃል፤ ፍሳሹ ለሁለት ቀን ይቆማል፤ ደግሞ ይንጠባጠባል። አሁን በቁልፉ ላይ ቧንቧ ይጨምርና በሙሉ ጉልበቱ ይጎትታል። ውስጡ ባዶ የሆነው ብሎን ይበጠሳል፣ ወይም የፊልትሮው አፍ ጥርስ ይበላል። አምስት ደቂቃ የማትፈጅ ሥራ ከሚዛን ከተማ ዕቃ እስከ ማስመጣት ትደርሳለች። በዚህ ነገር የሚገርመው፣ ጉልበት የሚጨምረው ሰው ሰነፍ አለመሆኑ ነው። ይሠራል፣ ይለፋል፤ የሚያስፈልገው ግን ማጥበቅ ሳይሆን ማለስለስ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

አዲስ ሮንዴላ ካለ ይቀየራል። ከሌለ አሮጌዋ በእሳት ትታደሳለች። ከናፍጣው ርቆ፣ በከሰል ፍም ላይ፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስክትሆን ትግላለች፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ትነከራለች። እዚህ ላይ ቀጥቃጭ ያየ ሰው ይከራከራል፤ ማረሻና ቢላዋ ግለው ውኃ ሲነከሩ ይጠነክራሉና። እውነት ነው፤ ለብረት። መዳብ ግን ተቃራኒው ነው። ሲግል ይለሰልሳል፣ ውኃው ቅርፊቱን ከማራገፍና ከማቀዝቀዝ ሌላ ምንም አያደርገውም። ቀጥሎ በመስታወት ላይ በተነጠፈ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ታሽታ ትስተካከላለች። ጠርዟ የተሰነጠቀ ወይም በጣም የሳሳች ከሆነች ግን ትጣል።

የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠመጥሙትን ነጭ ቴፍሎን እዚህ መጠቀም ጥፋት ነው። ክሩ ይበጣጠስና ወደ ፖምፓው ይሄዳል። የሰርባቶዮ ስንጥቅ ላይ ሳሙና ማሸት ግን ያስመሰግናል፤ ሳሙና በናፍጣ ስለማይሟሟ መንገደኛን እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ለጊዜው ብቻ ነው።

ከፖምፓው እስከ ኖዝሉ ያለው ቀጭን የብረት ቱቦ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ግፊቱ በአሮጌ ሞተሮች እንኳ ከከባቢ አየር ግፊት ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። ከተሰነጠቀ አይበየድም፤ ይቀየራል፤ ማሰሪያዎቹም ይመለሳሉ፣ የሚሰነጥቀው መንቀጥቀጥ ነውና። ሞተሩ እየሠራ ፍሳሹን በእጅ የሚዳስስ ሰው ደግሞ ሊቆጡት ይገባል። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሆነና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት እስከ መቁረጥም ያደርሳል። በእጅ ፋንታ ካርቶን ማስጠጋት፣ የተወጋ ሰው ካለም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

የጀልባ ሞተር አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። የፈሰሰው ሁሉ ወለሉ ሥር ይጠራቀማል። ናፍጣ በተራ ሙቀት በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲረጭ ግን ይነዳል። ሞተሩ የቤንዚን ከሆነ ነገሩ የከፋ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታም ትበቃዋለች። ሞተሩን ከማስነሳት በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስና ማሽተት ግዴታ ነው።

ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ደግሞ ሌላ ኪሳራ ይከተላል። ቡና ሽታ ይስባል። መፈልፈያውን የሚያዞረው ሞተር ካንጠባጠበ፣ ወይም ጀንፈል የያዘው ጆንያ ናፍጣ በጠጣ ወለል ላይ ካደረ፣ ሽታው ፍሬው ውስጥ ይገባል፤ ማጠብ አያወጣውም። ዱቄትም እንደዚሁ ነው።

ቱም ላይ ፍሙ ከቡና ምድጃ መጣ። ሁለቱ ሮንዴላዎች ግለው ተነከሩ፣ ታሹ፣ ተመለሱ። ባለወፍጮው ብሎኑን ካጠበቁ በኋላ ቁልፉን አልለቀቁም።

«ትንሽ ልጨምርለት?»

«ይበቃዋል፣ ጋሼ።»

የፊልትሮው ኤር ማውጫ ላላ ተደርጎ አረፋው እስኪጠፋ ተጠበቀና ተዘጋ። ማኖቬላው ሦስት ጊዜ ዞረ። በር ላይ በቆሎ ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ሞተሩ ሲነሳ ሰምተው ተነሡ፤ ጣሳው ከነናፍጣው ወደ ጓሮ ወጣ።