ቀይ ያልሆነው ዝገት

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው፣ ነገሩ የገባው ከሆነ፣ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የበሩን የታች ጠርዝ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠው ላሜራ ነው፤ ድፍን ካለበት ስቱኮ ነው። ደላላው «ንጹሕ ናት፣ ጭረት እንኳ የላትም» እያለ ሲምል ገዢው ከኪሱ ማግኔት ያወጣል። ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ ማግኔት ግን ስቱኮ ላይ አይይዝም።

የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ይህ ብልሃት አይሠራም። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ዝገቱም ዝገት አይመስልም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የምናውቀው ቀይ ነገር የለም። ቴክኒሻኑ የእጅ ባትሪውን በክንፉ ሆድ ውስጥ ሲያበራ የሚያየው፣ የሚታይ ነገር ካለ፣ በብሎን ዙሪያ የተኛ ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ነው። በጣት ሲያሹት ዱቄት ይመስላል። አንዳንዴ እሱም አይታይም፤ ቀለሙ ብቻ እንደተቃጠለ ቆዳ ያብጣል። ሀንጋር ውስጥ ስሙ «ኮሮዥን» ነው። የኬሚስትሪ መምህር «ዝገት የብረት ብቻ ነው» ብሎ ሊሟገተኝ ይችላል፤ እኔ ግን ዝገት እለዋለሁ፣ ሥራው ያው ነውና።

አሉሚኒየም ሲፈጠር ጠንቃቃ ነው። አየር እንደነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያወጣና ራሱን ይሸፍናል። ችግሩ ንጹሑ አሉሚኒየም ለክንፍ የማይሆን ልፍስፍስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ይቀየጣል። በአውሮፕላን ሥራ ስማቸው የታወቀው 2024 የሚባለው ቅይጥ መዳብ፣ 7075 የሚባለው ደግሞ በዋናነት ዚንክ ገብቶባቸዋል። ጥንካሬው የመጣው ከዚህ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ መጣ። መዳብ የበዛባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ከጎናቸው ካለው አሉሚኒየም ጋር ሆነው ትንሽ እርጥበትና ትንሽ ጨው ሲያገኙ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ጨው የበዛበት ነገር በአሉሚኒየም ድስት ያሳደረ ሰው፣ ጠዋት ሲያጥበው በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ነጠብጣቦችን አይቶ ይሆናል። ድስቱን ሙሉ በሙሉ አልበላውም፤ ነጥብ መርጦ ነው የቆፈረው። ክንፍም ላይ አስቸጋሪው እንዲህ ያለው ነው። ወጥ ሆኖ የሚሳሳ ብረት ይለካል፤ ነጥብ መርጦ የሚቆፈር ግን ይደበቃል።

ይህች ነጥብ የት ልታደርስ እንደምትችል እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2019 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ በማውንት አይዛ አካባቢ ታየ። አውሮፕላኑ ሴስና 210 ነበር፤ ባለ አንድ ሞተር፣ ክንፉ ከጣሪያው በላይ የተዘረጋ። ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ እየበረረ የከርሰ ምድር ቅኝት ያደርግ ነበር። ቀኝ ክንፉ በአየር ላይ ተገንጥሎ አብራሪውና አብሮት የነበረው ሰው ሞቱ። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ መርማሪዎች የተሰበረውን ብረት በማይክሮስኮፕ ተከታትለው የስንጥቁ መነሻ ላይ ሲደርሱ ያገኙት አንዲት የዝገት ጉድጓድ ነው።

ነገሩ እንዲገባን ቤት እናስብ። ጣሪያ በወጋግራ ይቆማል፤ ክንፍም የራሱ ወጋግራ አለው፣ በሙያው «ስፓር» ይሉታል። ጎድን የሚባሉት ቁራጮች ለክንፉ ቅርጽ ይሰጡታል፤ ላዩን የምናየው ቆርቆሮ ደግሞ ልብሱ ነው፣ የራሱን ያህል ሸክም ቢያግዝም። አብዛኞቹ ትንንሽ ሴስናዎች ከክንፉ ወደ ሆዳቸው ሰያፍ የሚወርድ ደጋፊ እግር አላቸው። 210 በመጀመሪያ ነበረው፤ በ1967 ሞዴል ግን እግሩ ወጣለት። አውሮፕላኑ አማረ፣ የአየር ግጭትም ቀነሰለት። እግሩ ይሸከመው የነበረው ኃይል ግን የትም አልሄደም። የግራና የቀኝ ክንፍ ወጋግራዎችን በጣሪያው በኩል ወደሚያያይዘው አንድ አግዳሚ ምሰሶ ዞረ። ምሰሶው በአብራሪው ራስ በላይ፣ ከኮርኒሱ ጨርቅ ጀርባ ነው። ረጅም ሰው ከሆኑ ጭንቅላትዎን ሊመቱበት ይችላሉ።

በበረራ ጊዜ ክንፍ ወደ ላይ ይለጠጣል። ጭራሮ ሲያጥፉ የሚሰነጠቀው የተወጠረው ጎን እንደሆነ ሁሉ፣ ምሰሶውም የሚወጠረው በታችኛው ገጹ ነው። የማውንት አይዛው ጉድጓድ የነበረችው እዚያው ታችኛው ገጽ ላይ ነው። ዝገቱ ምሰሶውን አልበላውም፤ ለስንጥቅ በር ከፈተለት፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የንፋስ ግፊያ ስንጥቁን በፀጉር ስፋት እያራዘመ ሄደ። ዝቅ ብሎ በሞቃት ምድር ላይ የሚበር አውሮፕላን ደግሞ እንዲህ ያለ ግፊያ አያጣም።

እርጥበቱ ከየት መጣ ለሚል፣ መልሱ ያናድዳል። ድምፅ እንዲቀንስና ክፍሉ እንዲሞቅ ተብሎ ኮርኒሱና ምሰሶው መካከል ስፖንጅ ይለጠፍ ነበር። ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ለምቾት የገባው ነገር ዓመቱን ሙሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ምሰሶው ሥር ተቀመጠ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2020 መጀመሪያ ላይ እግር የሌላቸው የቀደሙ 210 ሞዴሎች ላይ ይህ ምሰሶ እንዲመረመር ትእዛዝ አወጣ። ልብ ይበሉ፣ ምክር አይደለም። አምራቾች በየጊዜው የአገልግሎት ማስታወቂያ ይልካሉ፤ ባለንብረቱ አንብቦ ሊያስቀምጠው ይችላል። «የብቃት ትእዛዝ» ግን ሕግ ነው፤ ያልተፈጸመበት አውሮፕላን አይበርም። እኔ ይህን ግትርነት እደግፋለሁ። እንዳይገኝ የሚጸልይለትን ነገር በራሱ ገንዘብ ቆፍሮ የሚፈልግ ባለንብረት ጥቂት ነው።

ትእዛዙ የሚወጣው አውሮፕላኑ በተነደፈበት አገር ነው፤ ሥራው ግን የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ1944 ቺካጎ ላይ ከፈረሙት 52 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በስምምነቱ ሥርዓት መሠረት የመዘገበው አገር ከነዳፊው አገር የመጣውን ትእዛዝ ወይ እንዳለ ይቀበላል ወይ መርምሮ የራሱን እርምጃ ይወስዳል። ጅራቱ ላይ በET የሚጀምር ምዝገባ የተጻፈበት አውሮፕላን ከሆነ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው ማለት ነው።

ምርመራው ራሱ እንዴት ነው? ለ210ሩ ሥራው የሚጀምረው ቤት በማፍረስ ነው። ኮርኒሱ ይወርዳል። ስፖንጁ ይላጣል፤ የተለጠፈበት ማስቲሽ በቀላሉ አይለቅምና በፈሳሽና በትዕግሥት ይጸዳል። እዚህ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ክልክል ነው። የብረት ሽቦ በአሉሚኒየም ላይ ቢፈገፍጉበት የማይታዩ የብረት ብናኞችን ትቶ ይሄዳል፤ እነሱ ደግሞ ሌላ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉ። ዝገት ሊያጠፉ ገብተው ዝገት ዘርተው መውጣት ማለት ነው።

ከዚያ ዓይን ይመጣል። ብርሃን በቀጥታ ሳይሆን በአግድም፣ ገጹን እያስታከኩ፤ እንዲህ ሲሆን ትንሿ ጉድጓድም ጥላ ትጥላለች። አጉሊ መነጽር፣ ጥርስ ሐኪም እንደሚይዘው ያለ ባለ እጀታ መስታወት። ቀጥሎ «ኤዲ ከረንት» የሚባለው መሣሪያ ይገባል። ጫፉ እስክሪብቶ ይመስላል፤ ውስጡ ጥቅልል ሽቦ አለ፣ በሽቦው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ጫፉን ብረቱ ላይ ሲያስቀምጡት በብረቱ ውስጥ የሚሽከረከር ደካማ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ማሳያው ላይ ያለችው ነጥብ ዝም ትላለች፤ ስንጥቅ ካለ የሚሽከረከረው ኤሌክትሪክ መንገዱ ይቆረጥበትና ነጥቧ ትዘላለች። መርማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሆን ተብሎ በቀጭኑ የተሰነጠቀ የመለማመጃ ብረት ላይ መሣሪያውን ይሞክራል። በታወቀው ስንጥቅ ላይ ካልዘለለች ባልታወቀው ላይ ዝም ማለቷ ምንም አይነግረውም።

ዝገት ብቻ ከተገኘና ከተፈቀደው ልክ ካላለፈ ተፍቆ ይለሰልሳል፣ የቀረው ውፍረት ይለካል፣ በኬሚካል ታክሞ አንቲረስት ይቀባል፣ በላዩ ላይ ሰም የመሰለ የዝገት መከላከያ ይረጫል። ስንጥቅ ከተገኘ ግን ምሰሶው ይቀየራል። ስለ ብየዳ ወይም ስለ ስቱኮ የሚያነሳ የለም።

በዚህ ሙያ ውስጥ እኔን የገረመኝ የሰዓቱ ነገር ነው። የአውሮፕላን ድካም የሚለካው በበረራ ሰዓትና በተነሣበት ቁጥር ነው፤ ካልበረረ አይደክምም። ዝገት ግን ሰዓቱ የግድግዳ ካላንደር ነው። ሀንጋር ውስጥ ጨርቅ ለብሶ የቆመ፣ ባለቤቱ «ብዙም አልተነዳችም» እያለ የሚሸጠው አውሮፕላን፣ ዕለት ዕለት ከሚበረው ይልቅ ሊያሳስብ ይችላል። ለዚህ ነው የዝገት ምርመራዎች ብዙ ጊዜ በዓመት የሚቆጠሩት። ለዚህም ነው አየር መንገዶች ለረጅም ጊዜ የሚያቆሟቸውን አውሮፕላኖች እንደ አሪዞና ወዳለ በረሃ የሚወስዷቸው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን መሬት ላይ ባቆመ ጊዜ ነገሩ በግልጽ ታየ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ የአሜሪካው የአቪዬሽን አስተዳደር 7 ቀንና ከዚያ በላይ የቆሙ ነባር 737 አውሮፕላኖች ሞተራቸው ውስጥ ያለ አንድ የአየር ቫልቭ ለዝገት እንዲመረመር አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 2,000 አውሮፕላን ይመለከት ነበር። ክንፍ አይደለም፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ክንፉ የነዳጅ ጋን ነው። ነዳጅ ውስጥ ውሃ አይጠፋም፤ ወደ ታች ይወርድና በጋኑ ወለል ይተኛል። ኬሮሲን የሚበላ ሻጋታ አለ፤ ኑሮው በውሃውና በነዳጁ ድንበር ላይ ነው፣ እየበላ አሲድ ይጥላል። ስለዚህ ከጋኑ ሥር ውሃ በየጊዜው ይቀዳል፣ ሻጋታ ገዳይ መድኃኒት ይጨመራል። በከባዱ ጥገና ጊዜም ጋኑ ተራግፎና አየር ገብቶለት ቴክኒሻን በጠባቧ ቀዳዳ በደረቱ ተሳቦ ይገባል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ነገሩ ሁሉ በሥርዓት የተያዘው ከ1988 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት አፕሪል 28 ቀን የአሎሃ አየር መንገድ 737 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ሲበር የፊተኛው ጣሪያው ተገሽልጦ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን አጣች። አውሮፕላኑ 89,680 ጊዜ በርሯል፣ ዕድሜውን ያሳለፈውም በባሕር ጨው መካከል ነው። አንዲት ተሳፋሪ ስትሳፈር በበሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። የተሰበረው ክንፍ ሳይሆን አካሉ ቢሆንም፣ በ1990ዎቹ ለእያንዳንዱ ዓይነት አሮጌ አውሮፕላን ክንፉንም ጅራቱንም ያካተተ የዝገት መከላከያና መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ግዴታ ሆነ። በዚያ ፕሮግራም ዝገት 3 ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ተፍቆ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ከልኩ ስላለፈ ጥገና ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ላልቶ ይሆን ወይ ብሎም ያስጠይቃል። ሦስተኛው ከተገኘ የአየር መንገዱ ሌሎች አውሮፕላኖችም ላይ ሊኖር ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ለባለሥልጣን በአስቸኳይ ይነገራል።

እኛ አገር ደጋው ይረዳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ጨው የያዘ ንፋስም አይደርስበትም። ግን ቦሌ ያደረ አውሮፕላን ጅቡቲ ወይም ጅዳ ውሎ ይመለሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከጃፓን ቀጥሎ በመረከብ ያስገባው 787 በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው፤ ካርቦን አይዝግም። አሉሚኒየም በቀጥታ ቢነካው ግን አሉሚኒየሙን ያዘግተዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ቲታኒየም ወይም የመስታወት ፋይበር ይገባል። በየትኛውም አውሮፕላን ላይ ደግሞ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ወለል የሚያነሳው ከሽንት ቤቱና ከወጥ ቤቱ ሥር ነው። እዚያ ሪቬቶቹ መካከል የሚያገኘው የባሕር ጨው አይደለም፤ ከጋሪ ላይ የተደፋ ጭማቂና ቡና ነው።