ከጄኔሬተሩ ይልቅ ገመዱ ሲያከስር

መጠባበቂያ ጄኔሬተር የሚገዛ ነጋዴ የሚከራከረው በሞተሩ ጉልበት፣ በነዳጅ ፍጆታውና በዋጋው ላይ ነው። ሞተሩን የሚያስነሱት ባትሪና ገመድ ግን ከሒሳቡ ውጪ ይቀራሉ። መብራት በጠፋ ሰዓት ዳቦ ቤቱን ወይም የሥጋ ማቀዝቀዣውን ለኪሳራ የሚዳርጉት ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ቆሞ የሚከርም ጄኔሬተር እንደ መኪና በየዕለቱ ስለማይነሳ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። በ2011 ዓ.ም. እንደታየው መብራት በፈረቃ ሲታደል ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚሠራ ባትሪው አይደክምም፤ የሚያሰጋው መብራት ለወራት ሳይቋረጥ የቆየበት ጊዜ ነው። ባትሪው በራሱ ከመድከሙም በላይ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ሞተሩ ቆሞም ኤሌክትሪክ ይስባል። ሰሌዳው 0.1 አምፔር ብቻ ቢወስድ በ30 ቀን 72 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ይህ የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪን ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ስለዚህ ከመብራት መስመር የሚሠራ ቋሚ ቻርጀር የግድ ነው። ቻርጀሩ የ12 ቮልት የአሲድ ባትሪን በ13.5 ቮልት ገደማ ይዞ ማቆየት አለበት። ቮልቱን የማይቆጣጠር ተራ ቻርጀር ለሳምንታት ተሰክቶ ከቆየ የባትሪውን ውሃ ያደርቀዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ገመዱ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሳ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። 300 አምፔር ደርሶ መልሱ 4 ሜትር በሆነ የ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ሲያልፍ 1.3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ70 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግን 0.3 ቮልት ብቻ። ባትሪው ከሞተሩ በራቀ ቁጥርም የሚባክነው ይጨምራል።

የገመድ ውፍረት በላስቲኩ አይለካም። መዳብ የተቀባ አልሙኒየምም ሊያጋጥም ይችላል፤ አልሙኒየም ደግሞ የመዳብን ያህል ለማስተላለፍ 1.6 እጥፍ ስፋት ይፈልጋል። ክሩን በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ከነጣ መዳብ አይደለም።

ገዢው የቻርጀሩ አምፔርና የገመዱ ስፋት በፕሮፎርማው ላይ ተለይተው እንዲጻፉ ይጠይቅ። ያገለገለ ጄኔሬተር የሚያሻሽጥ ደላላም በቮልት መለኪያ ብቻ ብዙ ሊያውቅ ይችላል። ቻርጀሩ ተነቅሎ ካደረ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ በባትሪውና በሞተሪኖው ዘንድ ያለው ቮልት ይለካ፤ ልዩነቱ ገመዱና ማሰሪያዎቹ የበሉት ነው።