በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሁለት ተዋሲያንና ስለ ትዳር ሰላም

ጨብጥ የሚያሳፍር፥ ማጅራት ገትርም የሚያስፈራ በሽታ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የሁለቱ መነሻ የሆኑት ተዋሲያን ከአንድ ወገን ናቸው። የጨብጡን ተዋሲ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር አገኘው፤ የማጅራት ገትሩንም በ1887 ዓ.ም. የኦስትሪያው ሐኪም አንቶን ቫይክሰልባውም ለይቶ ገለጸው። ወገኑም በፊተኛው ሐኪም ስም ናይሴሪያ ተባለ።

እነዚህ ሁለቱ ቀለም ተቀብተው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፥ የቡና ፍሬ ክፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ ይመስላሉ፤ ቀለማቸውም አንድ ዓይነት ቀላ ያለ ነው። ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በዐይን ብቻ መለየት አይቻልም። በችሎት ፊት የቆመ ምስክር «ነጭ ሸማ የለበሰ ሰው አየሁ» ቢል፥ ዳኛው በዚህ ብቻ ያ ሰው እገሌ ነው ብሎ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ የማይክሮስኮፕም ምስክርነት ብቻውን አይበቃም።

የማጅራት ገትር ተዋሲ ሕመም ሳያመጣ በጤነኛ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በአርባ ምንጭና በአካባቢዋ በ2014 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆነ 7,479 ሰዎች ጉሮሯቸው በተመረመረ ጊዜ፥ ከመቶው 6.6 የሚሆኑት ተዋሲውን ይዘው ተገኝተዋል። ይህ ተዋሲ በአፍ በሚደረግ ሩካቤ ከጉሮሮ ወደ ኀፍረተ ሥጋ ሊተላለፍ ይችላል፤ እዚያም እንደ ጨብጥ ያለ ማቃጠልና ፈሳሽ አንዳንድ ጊዜ ያመጣል። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ በ2015 ዓ.ም. ብዙ ወንዶች በማይክሮስኮፕ ጨብጥ የያዛቸው መስለው ከታዩ በኋላ፥ የጨብጥ ምርመራቸው አሉታዊ ሆኖ የማጅራት ገትሩ ተዋሲ ተገኘባቸው።

መለያው መንገድ ይህ ነው። ከሕመምተኛው የተወሰደው ፈሳሽ በደም በተዘጋጀ ምግብ ላይ ተዘርቶ፥ በሰውነት ሙቀት ልክ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። ከዚያም የበቀለው ተዋሲ በስኳር ይፈተናል። የጨብጡ ግሉኮስን ብቻ ሲያኮመጥጥ፥ የማጅራት ገትሩ ግሉኮስንና የብቅል ስኳርን ሁለቱንም ያኮመጥጣል። ከዚህም በላይ የዘር ምልክታቸውን የሚመረምር መሣሪያ ይገኛል።

ይህ ምርመራ ግን በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ከጨንቻ ደጋ የሚወርደውም ሆነ በአርባ ምንጭ የሚኖረው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚታከመው በምልክቱ ነው። ለሁለቱም ተዋሲያን የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ስለሚጠቅም፥ ሕክምናው በዚህ አይሰናከልም። የሚሰናከለው ትዳሩ ነው። ባል «ጨብጥ» የሚል ቃል ከሰማ በኋላ በሚስቱ ላይ ፈጥኖ ይፈርዳል፤ ሚስትም እንደዚሁ። ነገር ግን ስሙ የተሰጠው በምልክት ብቻ ከሆነ፥ በሽታው በውነት ጨብጥ ስለ መሆኑ ገና ማስረጃ የለም። በርግጥ ጨብጥ ቢሆን እንኳ፥ በተለይ በሴቶች ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፥ ማን እንዳመጣውና መቼ እንደ ገባ ተዋሲው ራሱ አይናገርም።

ይህን የምንጽፈው በሽታውን ለማቃለል አይደለም። ጨብጥ ሳይታከም ቢቀር መካንነትን ያመጣል፤ ከእናቲቱም በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ዐይን ተላልፎ ሊያሳውረው ይችላል። ስለዚህ አባወራና እመቤት ምልክቱን እንዳዩ ሳይተፋፈሩ ወደ ሐኪም አብረው ሄደው፥ ሁለቱም እንዲታከሙ፥ ሐኪሙ እስኪፈቅድላቸውም ከሩካቤ እንዲታቀቡ እንመክራለን። ምርመራው በሚገኝበት ስፍራ ተዋሲው ተለይቶ እንዲነገራቸው ይጠይቁ፤ በማይገኝበትም ስፍራ መድኃኒቱን ተቀብለው፥ ያልተመረመረ ስም ይዘው ቤታቸውን ከማፍረስ ይጠበቁ።