ርካሽ ቲኬት ጠባቂ ይፈልጋል

የኮንሰርት ቲኬት የሚሸጥ ሰው ከሙዚቃው ይልቅ አዘውትሮ የሚሰማው የዋጋ ሙግት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ መካከለኛ አዳራሽ እሠራለሁ። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ነበርኩ፤ አሁን ቲሸርትና ፖስተር የሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ቦታዬ ቢቀየርም ጥያቄው ያው ነው፦ "ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚበላው ማን ነው?" ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ዘፋኙን ያማል፣ ሌላው ቲኬት ሻጩን ድርጅት፣ ሌላው ደግሞ ፊት ለፊቱ የቆምኩትን እኔን።

እውነቱ ግን በላተኛው ብዙ ነው። ስመ ጥር ዘፋኝ ሲመጣ፣ ወጪ ከተነሣ በኋላ ከሚተርፈው የቲኬት ገቢ 85፣ አንዳንዴም 90 በመቶውን እሱ ይወስዳል። አዘጋጁና አዳራሹ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሌላ በኩል ነው፦ ከቢራው፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከቲሸርቱ ኮሚሽንና "የአገልግሎት ክፍያ" ከሚባለው። ይህን ክፍያ ቲኬት ሻጩ ድርጅት ብቻውን አይበላውም፤ ከፊሉ ወደ አዳራሹ ይመለሳል። ገንዘቡን ይካፈሉታል፤ ስድቡን ግን ድርጅቱ ለብቻው ይጠጣዋል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አለን ክሩገር እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2003 በአሜሪካ የኮንሰርት ቲኬት አማካይ ዋጋ 82 በመቶ ሲጨምር የሸቀጥ ዋጋ በጠቅላላው የጨመረው 17 በመቶ ብቻ ነበር። የዋጋውን አመጣጥ የሚያስረዳ ማስጠንቀቂያ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ በ2002 ለሙዚቀኞች ሰጥቶ ነበር፦ ሙዚቃ እንደ ቧንቧ ውኃ በየቤቱ ሊፈስ ነው፣ የሚቀርላችሁ መድረኩ ብቻ ነውና ለጉዞ ተዘጋጁ አላቸው። ቀድሞ ሙዚቀኛው የሚዞረው አልበሙን ለመሸጥ ነበር። ዛሬ አልበሙ ለጉዞው ማስታወቂያ ሆኗል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሙዚቀኞች ቲኬታቸውን ገበያው ከሚያወጣው በታች ይሸጡ ነበር። የዋህ ስለሆኑ አይደለም። ከፊት ረድፍ ቆሞ ግጥሙን በቃሉ የሚዘፍነው ወጣት ባለጠጋ እንዳልሆነ፣ እሱ ከቀረም አዳራሹ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃሉ። ከገበያው በታች የቀነሱት ለአድማጩ የተሰጠ ስጦታ ነበር። ስጦታውን ግን አየር ባየር ነጋዴው ቀደመና ወሰደው፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም በሴኮንዶች ውስጥ ይገዛል፣ በእጥፍ ይሸጣል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ሙዚቀኛና አዘጋጁ "ካልቀረ እኛው እንውሰደው" አሉ። እንደ ፈላጊው ብዛት የሚወጣና የሚወርድ ዋጋ የመጣው እንዲህ ነው። በ2022 የዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን አንዳንድ ቲኬቶች ወደ 5,000 ዶላር ተጠጉ። በ2024 ኦኤሲስ የተባለው ባንድ ዳግም ሲገናኝ 150 ፓውንድ ገደማ የተባለው የቁም ቦታ፣ ወረፋ የጠበቀው ሰው ተራው ሲደርስ ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ ጠበቀው። ስሌቱ ይገባኛል። ነጋዴው ቢወስደውም ሙዚቀኛው ቢወስደውም ለአድማጩ ግን ያው ነው፤ ስጦታው ቀርቷል።

የእኛ ሰው በዚህ ነገር ሌላ ልምድ አለው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሰምቶ፣ ተወድሶ ወይም በቅኔ ተወግቶ፣ ብሩን ከአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። እዚህ ዋሽንግተን የሐበሻ ምሽት መግቢያ ቢከፈልበትም ሽልማቱ አልቀረም። ይህም የሚወጣና የሚወርድ ዋጋ ነው፤ ግን ቆራጩ አድማጩ ነው፣ የሚቆርጠውም ልቡ ከረካ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ዋጋ የሚሰቅለው አድማጩ "ሊያመልጠኝ ነው" ብሎ በተጨነቀባት ደቂቃ ነው።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው፣ "ልጄ፣ ይኼ ከናቴራ 45 ዶላር? ወርቅ ተፈትሎበት ነው እንዴ?" አሉኝ። "እናቴ፣ ወርቁ በየመንገዱ ተራግፏል" አልኳቸው። ቀልድ ይምሰል እንጂ ሂሳቡ ያው ነው። ከሽያጩ 20፣ 25 በመቶ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ አዳራሹ ይቆርጣል። ከቀሪው ጨርቁ፣ ሕትመቱ፣ ጭነቱ፣ የካርድ ክፍያውና የሻጩ ደመወዝ ይወጣል። በስታዲየም ለሚዘፍነው ይህ ተጨማሪ ገቢ ነው። በሚኒባስ ከከተማ ከተማ ለሚዞሩ አራት ልጆች ግን የነገው ነዳጅ ነው። ኮንሰርት አዘጋጁ ድርጅት ላይቭ ኔሽን በ2023 መጸው በሚያስተዳድራቸው ትንንሽ ክለቦች ይህን ኮሚሽን እንዳስቀረ ሲያስታውቅ፣ በእኔ ሙያ ያሉ ሰዎች የተደሰቱት ለእነዚህ ልጆች ነበር።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየው ዘ ኪውር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ነው። በ2023 አሜሪካን ሲዞሩ ዝቅተኛውን ቲኬት 20 ዶላር አደረጉ፣ በፈላጊ ብዛት የሚጨምረውን ዋጋ አንቀበልም አሉ፣ ሕግ በፈቀደበት ሁሉ ቲኬቱ ለሌላ እንዳይተላለፍ አስቆለፉ። ቲሸርታቸውም 25 ዶላር ነበር። የአገልግሎት ክፍያው ከቲኬቱ ዋጋ በልጦ ሲገኝ፣ ዘፋኙ ሮበርት ስሚዝ በአደባባይ ተሟግቶ ቲኬት ሻጩ ድርጅት ቲኬትማስተር 5 ወይም 10 ዶላር እንዲመልስ አደረገ። የሚያስተምረኝ ቸርነታቸው ብቻ አይደለም። ርካሽ ዋጋ አውጥተው ዘወር አላሉም፤ ቲኬቱ አድማጩ እጅ እስኪገባ ጠበቁት።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ወዲህ በአሜሪካ ቲኬት ሻጩ ክፍያውን ሁሉ ደምሮ ከመጀመሪያው እንዲያሳይ ደንብ ወጥቷል። ድብብቆሹን ያስቀራል፤ ዋጋውን ግን አይቀንስም። ያን መቀነስ የሚችሉት ሙዚቀኛውና አዘጋጁ ናቸው፤ የእኛን ዘፋኞች እዚህ የሚያመጡ ወገኖቼም ከእነሱ ይቆጠራሉ። ስለዚህ የምትወዱትን ሙዚቀኛ ወይም አዘጋጁን ስታገኙ "ለምን ተወደደ?" ብላችሁ አትለፉ። ቲኬቱ በተገዛበት ዋጋ ካልሆነ እንዳይሸጥ ተቆልፏል ወይ? ከቲሸርቱስ አዳራሹ ስንት ይቆርጣል? ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሲበዛ ውሉ ላይ መጻፉ አይቀርም።