ያልከሳችው ታማሚ

የድሬዳዋ ሙቀት ሹራብ አያስለብስም። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርባ «በረደኝ» የምትል፣ ከቀን ወደ ቀን የምትመነምን ልጅ ካለች ጎረቤቱ ሁሉ ያያታል። እናቷም ቲቢ ይሆን፣ ስኳር ይሆን እያለች ሐኪም ዘንድ ታመላልሳታለች። ምርመራው ሁሉ ነጻ ሲባል ሊታሰብ ከሚገባው አንዱ አኖሬክሲያ የሚባለው የአመጋገብ ሕመም ነው። ምግብ ያጣ ሰውነት ሙቀቱን መጠበቅ ስለማይችል በሙቀት መካከል ይበርደዋል። ክንድና ጉንጭ ላይ እንደ ጨቅላ ሕፃን ያለ ስስ ጸጉር ይበቅላል፤ የልብ ምት ይዘገያል፤ የወር አበባ ይቀራል፤ አጥንት ይሳሳል።

ሌላው የአመጋገብ ሕመም፣ ቡሊሚያ፣ ያለባትን ግን ማንም ልብ አይላትም። ክብደቷ ከእኩዮቿ አይለይም፤ እንዲያውም ሞላ ያለች ልትሆን ትችላለች። ትሪው ዙሪያ ከቤተሰቡ ጋር በልክ ትበላለች። ብቻዋን ስትቀር ራሷን መግታት እስኪያቅታት ብዙ ትበላለች፤ ወዲያው ጸጸቱ ሲመጣ ታስመልሳለች ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ትወስዳለች። ሐኪሞች ቡሊሚያ የሚሉት ይህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለ3 ወር ሲደጋገም ነው።

«አንዷ አትበላም፣ ሌላዋ ታስመልሳለች» የሚለው የተለመደ አገላለጽ ያሳስታል። አኖሬክሲያ ያለባትም ልታስመልስ ትችላለችና። ዋናው መለያ ክብደት ነው፦ አኖሬክሲያ ውስጥ ክብደት ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ታማሚዋ ግን አሁንም መወፈርን ትፈራለች፣ መክሳቷም አደጋ ሆኖ አይታያትም። ቡሊሚያ ያለባት ብዙውን ጊዜ ችግሯን ታውቀዋለች፤ ስለምታፍር ትደብቀዋለች። ወንዶችም በሁለቱም ይያዛሉ።

አኖሬክሲያን ለንደን ላይ ዊሊያም ጋል፣ ፓሪስ ላይ ሻርል ላሴግ በ1873 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። ቡሊሚያን ጄራልድ ራስል ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ የጻፈው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የዘገየው፣ እንደ እኔ፣ ታማሚዎቹ ስላልከሱ ነው። ራስል ያስተዋለው አንድ ምልክት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ጥርስ የሚፍቀው የእጅ ጀርባ ቆዳ የጣቶቹ አንጓ ላይ ይጠነክራል፣ ጠባሳም ያወጣል። ከጆሮ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች ያብጣሉ። የጨጓራ አሲድ የጥርስን ሽፋን ስለሚበላው ሕመሙን ቀድሞ የሚያገኘው አንዳንዴ የጥርስ ሐኪም ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን አይታይም፦ ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይወርድና የልብ ምት ይዛባል።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩን የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ የቃሚ መክሳት ማንንም አያስገርምም። ጾሙም አለ፤ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም አለመብላት የተከበረ ነገር ነው። ጋና ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ላይ ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ራሳቸውን ያስራቡ ልጆች አግኝቶ ነበር፤ ምክንያታቸውን የገለጹት ግን በሃይማኖትና ራስን በመግዛት እንጂ ውፍረትን በመፍራት አልነበረም። ስለዚህ ጾሙ ተፈቶ ገበታ ሲቀርብ የምትሸሸውን ልጅ ልብ ማለት ይገባል።

«በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ በጣም ለመነመነች ልጅ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ማብላት የደሟን ፎስፌት አውርዶ ሊገድላት ይችላል። ምግቡ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ለአኖሬክሲያ ክብደትን መመለስ ይቀድማል፤ ለታዳጊዎች ወላጆች የምግቡን ኃላፊነት የሚወስዱበት ሕክምና ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ለቡሊሚያ አስተሳሰብና ልማድ ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ሕክምና ይረዳል፤ ለድብርት የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲንም እንዲሁ። ለሳቢያን ሰው ሳቢያን ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልም እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። እዚያ የደረሰች ልጅ «ያስመልሰኛል» ብቻ ብላ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ እንዳትመለስ፣ ራሷ ሆን ብላ እንደምታስመልስ ትናገር፤ ፖታሲየሟም ይለካላት።