ገና በሰው አገር



የገና በዓል በመጣ ቁጥር ከቤቱ ርቆ የሚውል ሰው በመካከላችን አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው በዓሉን ከማን ጋር ያከብራል? ይህን ጥያቄ እንዳስብበት ያደረገችኝ ደቅ ናት።

ደቅ በጣና ሐይቅ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት። ከባሕር ዳር በጀልባ የሰዓታት መንገድ ነው። በምዕራብ ዳርቻዋ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሕዝቧም ጾምና በዓልን አጥብቆ የሚጠብቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ በዚያ ሳለን ከአውሮፓ የመጣች አንዲት የጤና ሠራተኛ አብራን ነበረች። ታኅሣሥ 16 ቀን ጠዋት እኔ ራሴ የወሩን ሪፖርት ቶሎ እንድትጨርስ አሳሰብኋት። ምንም ሳትመልስ ሥራዋን ጀመረች። ያ ቀን በአገሯ ገና መሆኑን ከቶ አላሰብሁም።

ነገሩን የደረሱበት ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ፊቷ መክፋቱን አይተው ቢጠይቋት በምታውቀው ጥቂት አማርኛ ነገረቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ በዓልሽ ሆኖ ሳለ ምነው ዝም አልሽ? ሰው በዓሉን ብቻውን ይውላል?» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ቄጠማ ጎዘጎዙ፣ ሽሮ ወጥ ሠሩ፣ ቡና አፈሉ፣ እኛንም ጠሩን። እርሳቸው የነቢያትን ጾም የሚጾሙ ሲሆኑ፣ እርሷ ደግሞ በዓልተኛ ነበረች፤ ሁለቱም ከአንድ መሶብ ቀረቡ። እኔ ስለ እንግዳ ፍቅር የማስተምረው ሰው ግን አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ቀኑ ለምን ይለያያል?

ብዙ ወገኖች «ጌታ የተወለደው አንድ ጊዜ ሲሆን ስለምን ሁለት ገና ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ልዩነቱ የሃይማኖት ሳይሆን የዘመን ቆጠራ ነው። በጥንት ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ይጠቀሙበት የነበረው የዩልዮስ ቄሣር አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የእኛም አቆጣጠር የወሮቹ ስምና ርዝመት ቢለይም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። ነገር ግን ይህ አቆጣጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም ልዩነቱ በዘመናት ብዛት ወደ ቀናት አደገ። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ ይህን ለማስተካከል 10 ቀን አስዘለሉ፤ የኦክቶበር 4 ማግሥት ኦክቶበር 15 ተባለ። በአዲሱ ሥርዓት 1700፣ 1800 እና 1900 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ቀን ስላልነበራቸው ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል።

ከዚህም የተነሣ የምዕራባውያን ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፤ ይኸውም ኅዳር 15 በሚጀመረው በነቢያት ጾም ውስጥ ማለት ነው። የእኛ ታኅሣሥ 29 ደግሞ በእነርሱ ጃንዋሪ 7 ነው። በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለሚሆን ነው። የግብጽ፣ የሩሲያና የሰርብያ ኦርቶዶክሳውያንም በጃንዋሪ 7 ያከብራሉ።

ተራው የእኔ ሆነ

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄድሁ። በመጀመሪያው ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን ተማሪው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ሄደና ሕንፃው ጭር አለ። ጃንዋሪ 7 ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፈተና ስፈተን ዋልሁ። ከሁለቱ ገና አንዱም ሳይደርሰኝ ቀረ። ያን ቀን የደቋን እናት ንግግር አስታወስሁ፤ ዝም ያልሁት እኔው ነበርሁና።

በሚቀጥለው ዓመት አስቀድሜ ለጓደኞቼ ተናገርሁ። አንድ ቤተሰብ በእነርሱ ገና ጋበዘኝ። እኔም በእኛ ገና ማታ እናቴ በላከችልኝ በርበሬ ዶሮ ወጥ ሠራሁ። እንጀራዬ በስንዴ ዱቄት የተጋገረ ስለ ነበር ዐይን የሚባል አልነበረውም። ቢሆንም ከጠባቧ ክፍሌ ስድስት ሰው ገባ። አንዱ ግብጻዊ ተማሪ ነበርና «ዛሬ እኮ የእኛም ገና ነው!» ብሎ ሲስቅ ሁላችንም ሳቅን። ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ስንማር ይህን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ምን እናድርግ?

1ኛ. በፕሮጀክት ጣቢያ ያላችሁ ሠራተኞች፣ የባልደረቦቻችሁን የበዓል ቀን ጠይቃችሁ በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉ። በዚያ ቀን ስብሰባም ሆነ ሪፖርት አታድርጉ።

2ኛ. በውጭ አገር ያላችሁ፣ በእነርሱ ገና እንግዳ፣ በእኛ ገና ደግሞ ጋባዥ ሁኑ። ስጦታው ቢያንስ አትፈሩ፤ ሽሮም ይበቃል።

3ኛ. በቤሩት፣ በዱባይና በሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ያሏችሁ ቤተሰቦች፣ ታኅሣሥ 29 ለእነርሱ የሥራ ቀን ነው። በዚያ ቀን ስትደውሉ ገንዘብ አትጠይቋቸው፤ እንዴት እንደ ዋሉ ብቻ ጠይቋቸው።

4ኛ. ጉባኤዎች በአካባቢያቸው ያለ ዘመድ የሚውሉትን፣ ተማሪም ሆነ ተፈናቃይ፣ ከበዓሉ በፊት ይፈልጉ።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደሚነግረን፣ ማርያም በወለደች ጊዜ እርሷና ዮሴፍ ከናዝሬት ቤታቸው ርቀው በቤተ ልሔም እንግዶች ነበሩ። ገና ከመጀመሪያውም በሰው አገር የተዋለ በዓል ነው። እንግዲህ ከእኛ ደጅ ማንም ብቻውን አይዋል።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።