ተደራራቢ ሰዓቶችን ማዋሃድ፦ ኢንተርቪው ላይ ብዙዎችን የምትጥለው ጥያቄ

ለፕሮግራመርነት ሥራ የምታመለክቱ ከሆነ ይቺ ጥያቄ ልትገጥማችሁ ትችላለች። ሊትኮድ ላይ ቁጥሯ 56 ነው፤ ደረጃዋ መካከለኛ። መነሻና ማብቂያ ያላቸው ኢንተርቫሎች ይሰጣችኋል፤ የሚደራረቡትን አዋህዱ ትባላላችሁ።

በምሳሌ እንየው። ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ስልክ ሆትስፖት ተጠቀሙ እንበል። አንዷ ከ2 እስከ 5 ሰዓት፣ ሌላው ከ9 እስከ 11፣ ሦስተኛው ከ4 እስከ 7። ሆትስፖቱ ስንት ሰዓት ሠራ? ዝም ብለን ከደመርን 8 ይመጣል። ግን ከ4 እስከ 5 ያለችው ሰዓት ሁለቴ ተቆጥራለች። ሲዋሃድ ከ2 እስከ 7 እና ከ9 እስከ 11 ነው የሚሆነው፤ በድምሩ 7 ሰዓት።

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ እያንዳንዱን ከሁሉም ጋር ማስተያየት ነው። ኢንተርቫሎቹ 1,000 ቢሆኑ ግን ጥንዶቹ 499,500 ይሆናሉ። የተሻለው መንገድ ይሄ ነው፦

1. በመነሻ ሰዓታቸው ደርድሯቸው (ሶርት)።
2. የመጀመሪያውን ውጤት ዝርዝር ውስጥ አስገቡ።
3. ቀጣዩን፣ ዝርዝሩ ውስጥ መጨረሻ ላይ ካለው ጋር ብቻ አስተያዩ። የቀጣዩ መነሻ ከዛኛው ማብቂያ ካልበለጠ አዋህዷቸው። ከበለጠ ለብቻው አስገቡት።

ለምን ከመጨረሻው ጋር ብቻ? ስለተደረደሩ የሚመጣው ሁሉ መነሻው ከቀደሙት አያንስም። የመጨረሻውን ካልነካ ከሱ በፊት የተዘጉትን በጭራሽ አይነካም። ስለዚህ ለ1,000ው 999 ማስተያየት ይበቃል፤ ዋናውን ጊዜ የሚወስደው ድርደራው ነው (ኤን ሎግ ኤን)። ጠያቂው ከኮዱ እኩል መስማት የሚፈልገው ይሄን "ለምን" ነው።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ።

አንደኛው፣ ስታዋህዱ የሁለተኛውን ማብቂያ ዝም ብሎ መውሰድ። ከ2 እስከ 8 እና ከ3 እስከ 5 ቢሰጣችሁ ውጤቱ ከ2 እስከ 5 ይሆንና 3 ሰዓት ይጠፋል። ሁሌም ከሁለቱ ማብቂያዎች ትልቁን ውሰዱ።

ሁለተኛው፣ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙት። ሊትኮድ ላይ ከ1 እስከ 4 እና ከ4 እስከ 5 እንደተደራረቡ ይቆጠራሉ፤ መልሱ ከ1 እስከ 5 ነው። ሌላ ቦታ ግን ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት ጠያቂውን ጠይቁት። መጠየቅ ነጥብ አያስቀንስም።

ኪቦርድ ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን በወረቀት ሞክሯቸው። ለኢንተርቪው እየተዘጋጀ ያለ ጓደኛ ካላችሁም አጋሩት።